እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ፦ ከሜልቦርን እስከ አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት

ሰሞኑን የጠፋሁት ወድጄ አይደለም። ታናሽ እህቴ «ወንድም ጋሼ፣ ዓይንህን ልየው» ብላ ቲኬት ልካልኝ አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ከተማ ከርሜ መጣሁ። መቼም ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ወሬው አያልቅም። እኔ ግን ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ፎቁና ስለ መኪናው አይደለም። ስለ ባህር ነው። ስለ ባህር፣ ስለ አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅና ስለ አንዲት እናት ፍርሃት።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። እኛ ቤት ውሃ አይወደድም። እኔ የአሥር፣ እህቴ የሰባት ዓመት ልጆች ሳለን፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ታላቅ ወንድማችንን በነሐሴ የሞላ ወንዝ ወሰደብን። ከጓደኞቹ ጋር እየተሳሳቀ ነው የገባው። ረጋ ያለ መስሎት ነው የገባው። እናታችን ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቷ ከአፏ የማትለያት አንዲት ንግግር ነበረች፦ «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።» ለሌላው ሰው ይቺ ተረት ናት። ለእኛ ግን ሕግ ነበረች። እኔ እንኳ እስከዛሬ የዋና ልምዴ ቢባል ሶደሬ ገንዳ ዳር እግሬን መንከር፣ ላንጋኖ ደግሞ እስከ ጉልበቴ መግባት ነው።

እህቴ ሜልቦርን ከገባች ሃያ ሁለት ዓመት ሆናት። ከተማዋ ባህር ዳር ናት። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ግን አንድ ቀን እግሯን ባህር ውስጥ ነክራ አታውቅም። ልጇ እዚያው ተወለደ፣ እዚያው አደገ። አንድ ቅዳሜ ክፍሉን ስታጸዳ ከአልጋው ሥር ምን አገኘች መሰላችሁ? አሸዋ! አሸዋና ገና ያልደረቀ ጥቁር የላስቲክ ልብስ። ልጁ «ቤተ መጻሕፍት ነኝ» እያለ ለካስ ከጓደኛው ቤተሰቦች ጋር እየሄደ ሰርፊንግ ይማር ኖሯል። ሰርፊንግ ማለት እንግዲህ በሳንቃ ላይ ቆሞ በማዕበል ጀርባ መንሸራተት ነው። በቴሌቪዥን ሳታዩት አልቀራችሁም።

«ወንድም ጋሼ፣ አጎቱ ነህ፤ እኔን አልሰማ ብሏል። ምከርልኝና ይተወው» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

«እሺ» አልኳት። ምክር ደግሞ ለእኔ ምን ያቅተኛል? ሥራዬ አይደል? ነገር ግን ሳያዩ መፍረድ ነውር ስለሆነ፣ «መጀመሪያ ቦታውን አሳዩኝ» አልኩ። ሦስታችንም በመኪና ለሦስት ቀን ልንዞር ተስማማን። የልጁ ሳንቃ ጣራው ላይ ታሰረ፤ እኔ እስክፈርድ ድረስ ግን ውሃ ላይወርድ ቃል ተገባ። ዳኛ ሆንኩላችሁ!

ከእንጀራ ቤት እስከ ማዕበል ቤት

ጊዜው ገና ካለፈ በኋላ፣ ጥር መግቢያ ነበር። የአሜሪካና የአውሮፓ ሰው በረዶ ሲጠርግ እነዚህኞቹ ልክ እንደ እኛ በጋ ላይ ናቸው። ፉትስክሬይ ከሚባለው ሰፈር ተነሣን። ፉትስክሬይ የሀበሻ ምግብ ቤትና ሱቅ የሞላበት ስለሆነ እንጀራችንን፣ ድርቆሻችንን፣ ቡናችንን በፔርሙስ ሸክፈን ነው የወጣን። መኪና የሚነዳው በግራ ነው። መታጠፊያ በመጣ ቁጥር ልቤ ወደ አፌ ትመጣ ነበር።

መቶ ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዝን፣ ጂሎንግን አልፈን ቶርኪ የምትባል ከተማ ደረስን። ቶርኪ ለሰርፊንግ ሰው እንደ ቤተ መንግሥት ናት። ዓለም የሚያውቃቸው ሪፕ ከርልና ኩዊክሲልቨር የሚባሉት የሰርፊንግ ዕቃና ልብስ ድርጅቶች ሁለቱም በ1969 የተመሠረቱት እዚህችው ናት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። የሰርፊንግ ብሔራዊ ሙዚየም ሳይቀር አላቸው። ልጁ እየጎተተ አስገባኝ። ጨዋታው መነሻው የሐዋይ ደሴቶች መሆናቸውን፣ ዱክ ካሃናሞኩ የሚባለው የሐዋይ ዋናተኛ በ1914 እና 1915 መካከል በነበረው በጋ ሲድኒ አጠገብ በሳንቃ ተንሸራቶ የአውስትራሊያን ሰው አፉን እንዳስከፈተው ነገረኝ። ትምህርት ቤት «ታሪክ አልወድም» የሚል ልጅ ነው እኮ!

ከቶርኪ ጥቂት እንደሄድን ቤልስ ቢች ደረስን። ገደሉ ቀይ ቡናማ ነው፤ ከላይ ቆመህ ቁልቁል ታየዋለህ። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በፋሲካቸው ሰሞን የዓለም ሰርፈኞች የሚወዳደሩት እዚህ ነው። ያሸነፈ ሰው ዋንጫው ደወል ነው፤ ከፍ አድርጎ ያቃጭለዋል። «ፖይንት ብሬክ» የተባለው የ1991 ፊልም መጨረሻው ቤልስ ቢች ላይ እንደሆነ ይተረካል፤ የተቀረፀው ግን አሜሪካ፣ ኦሬገን ውስጥ ነው። የሲኒማ ነገር እንዲህ ነው።

እዚያ ገደል ላይ ቆመን ልጁ አንድ ነገር አስተማረኝ። ማዕበሉ እዚህ አይወለድም። ከደቡብ፣ እስከ አንታርክቲካ ከተዘረጋው ውቅያኖስ ላይ በሚነሣ ዐውሎ ነፋስ ይወለድና በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዞ ይመጣል። ዳርቻው ጋ ሲደርስ ውሃው ጥልቀቱ ይቀንሳል፤ የማዕበሉ እግር ከመሬት ጋር ሲጋጭ አናቱ ይቀድመውና ይደፋል። ልክ ሲሮጥ መጥቶ ድንጋይ እንዳደናቀፈው ሰው። ሰርፈኛው የሚይዘው ያንን ሊደፋ ያለበትን ደቂቃ ነው። ሥርዓትም አለው፦ ማዕበሉ መደፋት ከሚጀምርበት ጫፍ የቀረበው ሰው ባለመብት ነው፣ ሌላው አይገባበትም። ታክሲ ስንሳፈር ይህች ሕግ ብትኖረን ብዬ ተመኘሁ።

እህቴስ? እህቴ መኪናው ውስጥ ጀርባዋን ለባህሩ ሰጥታ ተቀምጣለች።

ሐውልት የሆነ መንገድ

ከቶርኪ የሚነሣው መንገድ ግሬት ኦሽን ሮድ፣ «ታላቁ የውቅያኖስ መንገድ» ይባላል። ወደ 240 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በአንድ በኩል ጫካ የለበሰ ተራራ፣ በሌላው በኩል ባህር፣ በመካከሉ እንደ እባብ የሚጠማዘዝ አስፋልት። ሊማሊሞን ባህር ዳር አምጥተው ያስቀመጡት ይመስላል።

እኔን የገረመኝ ግን ታሪኩ ነው። መንገዱን የሠሩት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ናቸው፤ 3,000 ያህል ሰዎች። በ1919 ጀምረው፣ በዶማና በአካፋ፣ በድማሚት ገደል እየናዱ፣ በድንኳን እያደሩ በ1932 ጨረሱት። ማስታወሻነቱም ለወደቁ ጓደኞቻቸው ነው። በዓለም ትልቁ የጦርነት መታሰቢያ ይሉታል። እኔ ሐውልት ማለት ቆሞ የሚታይ ድንጋይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እነዚህ ግን ለሞተ ጓዳቸው ሰው የሚሄድበት ነገር ሠሩ። መታሰቢያው ቅስት አጠገብ ቆመን ፎቶ ተነሣን።

አንድ የሚያስቅም ወሬ አላቸው። በ1924 «ካሲኖ» የምትባል መርከብ ከድንጋይ ጋር ተጋጭታ ሸክሟን ለማቅለል የቢራ በርሜሎቿን ባህር ላይ ጣለች። ማዕበሉ በርሜሎቹን ወደ ሠራተኞቹ አመጣላቸውና ሥራው ለሁለት ሳምንት ቆመ ይባላል! ታዲያ ማን ይፈርድባቸዋል?

መንደሮቹ

በመንገዱ ዳር መንደሮች እንደ ጨሌ ተሰክተዋል። አንግልሲ ላይ የጎልፍ ሜዳው ውስጥ ካንጋሮዎች እንደ በግ ተበትነው ሣር ይግጣሉ፤ ጎልፍ የሚጫወቱት ሰዎች ደግሞ ካንጋሮው እስኪነሣላቸው ይጠብቃሉ። ቀጥሎ ኤሪስ ኢንሌት ላይ በ1891 የተሠራ ነጭ የመርከብ መብራት ማማ አለ። ሎርን ደርሰን ባህሩ በሰው ተሞልቶ አየነው። እዚህ በየዓመቱ በጥር ከመርከብ ማቆሚያው ድልድይ እስከ መጠጥ ቤቱ 1.2 ኪሎ ሜትር የሚዋኝበት ውድድር አለ። በሺህ የሚቆጠር ሰው፣ ሽማግሌው ሳይቀር ይዋኛል። እኛ ታላቁ ሩጫ ላይ እንደምንወጣ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ውበት ግን በነፃ አይደለም። በየካቲት 1983 ሰደድ እሳት እነ አንግልሲንና ኤሪስ ኢንሌትን አቃጥሏል። በ2015 ደግሞ ልክ በእነሱ የገና ዕለት እሳት መጥቶ ዋይ ሪቨርና ሴፓሬሽን ክሪክ የሚባሉት ትንንሽ መንደሮች ላይ 116 ቤቶችን በላ። አንድም ሰው ግን አልሞተም። ለምን? ሰዉ «ውጡ» ሲባል ወጣ። የበዓሉን ምሳ ጥሎ ወጣ። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ኬኔት ሪቨር ላይ ኮዋላ አየን። ከባህር ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቆ ይተኛል፤ በቀን እስከ ሃያ ሰዓት ይተኛል አሉ። ባህር ዛፉስ ቢሆን? አፄ ምኒልክ ያስመጡት የእኛው ባህር ዛፍ አገሩ ይኸው ነው። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ እንጦጦ ያለሁ መሰለኝ። እህቴም ከመኪናው ወርዳ ቅጠሉን ቆርጣ አሸተተች፤ በጉዞው ውስጥ መጀመሪያ የሳቀችው እዚያ ነው።

ባንዲራዎቹ

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ልለፍ አልችልም። አንግልሲና ሎርን ላይ ዋናተኛው ሁሉ በሁለት ባንዲራዎች መካከል ተጨናንቆ ይዋኛል። ዳርቻው ሰፊ ሆኖ ሳለ! ባንዲራው ቀይና ቢጫ ነው፤ የእኛው አረንጓዴው የጎደለበት። «ለምንድን ነው ሰው እዚህ ብቻ የሚታጨቀው? እዚያ ባዶ አይደል?» ብዬ ጠየቅሁ።

ልጁ አስረዳኝ። ባንዲራ ማለት «ነፍስ አድን ጠባቂዎች እዚህ አሉ፤ ውሃውን አይተነዋል» ማለት ነው። ብዙዎቹ ጠባቂዎች ደመወዝ የሌላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ባንዲራ ከሌለ ጠባቂ የለም። ባለ ሳንቃዎቹ ደግሞ ዋናተኛ እንዳይመቱ ከባንዲራው ውጪ ይሆናሉ።

ቀጥሎ «ሪፕ» የሚሉትን አሳየኝ። ማዕበል ወደ ዳርቻው የሚያመጣው ውሃ መመለሻ ይፈልጋል አይደል? እንግዲህ እንደ ቦይ ጠለቅ ያለ ቦታ ያገኝና በዚያ በኩል ተሰብስቦ ወደ ባህሩ ይመለሳል። ቦዩ ጥልቅ ስለሆነ ማዕበል አይደፋበትም። ስለዚህ በግራም በቀኝም ነጭ አረፋ ሲንጫጫ፣ መካከሉ ጠቆር ብሎ ረጋ ያለ ይመስላል። ባህር የማያውቅ ሰው «እዚህ ጥሩ ነው» ብሎ የሚገባው በዚያ ነው።

እኔም ራሴን ነቀነቅሁ፤ «ገባኝ» አልኩ። ውድ አንባቢያን፣ «ገባኝ» ማለትና መግባት ለየቅል ናቸው።

ዳኛውን ውሃ ወሰደው

በማግሥቱ ወደ አፖሎ ቤይ ስንቃረብ አንዲት ትንሽ ዳርቻ አየን። ሰው የለም፣ ባንዲራ የለም። አሸዋው ወርቅ ነው። እህቴ ጨርቅ አንጥፋ ድርቆሹንና ፔርሙሱን ማውጣት ጀመረች። ልጁ ሳንቃውን አውርዶ በሰም ይቀባዋል፤ እግር እንዳያንሸራትት ነው። እኔ ሱሪዬን ሰብስቤ ወደ ውሃው ተራመድኩ።

«ጋሼ፣ እዚህ ባንዲራ የለም» አለኝ።

«እግሬን ብቻ ነው» አልኩት። ምን ይሁን ብላችሁ ነው፤ ያን ሁሉ መንገድ መጥቼ ውቅያኖስ ሳልነካ ልመለስ?

ማዕበሉ ስለሚያስፈራኝ ረጋ ያለ ቦታ መረጥኩ። እነሆ አገኘሁ። ግራና ቀኙ አረፋ፣ መካከሉ ፀጥ ያለ። ትናንት የተነገረኝ ነገር ሁሉ ከጭንቅላቴ በኖ ጠፍቷል። እስከ ጉልበቴ ገባሁ፤ ደስ ይላል። እስከ ወገቤ ገባሁ፤ ቅዝቃዜው ያስቃል፤ እውነቴን ነው፣ ብቻዬን እስቅ ነበር። ከዚያ ከእግሬ ሥር ያለው አሸዋ ተንሸራተተ። ወደ ዳርቻው አንድ እርምጃ ልራመድ ብል መሬቱ የለም።

ዞር ብዬ ሳይ እህቴ ትንሽ ሆናለች። ጨርቁ መሐረብ አክሏል። በምችለው ሁሉ ውሃውን እየደበደብኩ ወደ እሷ ታገልኩ። በታገልኩ ቁጥር እደክማለሁ፣ በደከምኩ ቁጥር ጨው እውጣለሁ። የመጣልኝ ጸሎት አልነበረም፣ የወንድሜ ፊት ነው። እንዲህ ነበር ለካ አልኩ።

ጩኸት ሰማሁ። ልጁ በሆዱ ሳንቃው ላይ ተኝቶ፣ በሁለት እጁ እየቀዘፈ፣ በዚያው እኔን በወሰደኝ ቦይ ላይ እየገሰገሰ መጣ። ለካስ ሰርፈኞች ወደ ውስጥ ለመግባት እሱኑ ሪፕ እንደ ሊፍት ይጠቀሙበታል።

«ጋሼ፣ አትታገል! ተኛ! ዝም ብለህ ተኛ!» አለኝ።

«ተንሳፈፍ» የሚለውን የአማርኛ ቃል አያውቀውም። «ተኛ» ነው ያለኝ። እኔም ተኛሁ። በጀርባዬ ወደ ሰማይ ተዘረጋሁ፤ ውሃውም ተሸከመኝ። ሳንቃውን አስያዘኝ። ወደ ዳርቻው በቀጥታ አልቀዘፈም፤ ከዳርቻው ጎን ለጎን ወደ አረፋው ቀዘፈ። አረፋው ጋ ስንደርስ ያ ስፈራው የነበረው ማዕበል ከኋላችን መጥቶ ሁለታችንንም ገፍቶ አሸዋው ላይ ጣለን። የፈራሁት አዳነኝ፣ ያመንኩት ሊገድለኝ ነበር።

ቀና ስል እህቴ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ቆማለች። በቀሚሷ፣ በጫማዋ። ፔርሙሱ አሸዋው ላይ ተገልብጧል። እኔንም ልጁንም በአንድ ነጠላ ጠቅልላ እዚያው ቁጭ አለች። ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም። በኋላ ልጁን፣ «ማን አስተማረህ?» አለችው። «እዚያ፣ አንቺ ያልፈቀድሽው ቦታ» አላት። ሳቅም ለቅሶም የሆነ ድምፅ አሰማች።

አሥራ ሁለት የተባሉት ስምንት

ሦስተኛው ቀን ወደ «አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት» ሄድን። ስሙን ስትሰማ ገዳም የሚመስላት እህቴ ነጠላዋን አጣፍታ ነው የወጣችው። ሐዋርያት የሚባሉት ግን ባህሩ መካከል ለብቻቸው የቆሙ የኖራ ድንጋይ ዓምዶች ናቸው፤ ትልልቆቹ እስከ 45 ሜትር ይደርሳሉ። ድሮ «አሳማዋና ግልገሎቿ» ይሏቸው ነበር። ደጉ ነገር ስማቸው ተለወጠ! አሥራ ሁለት ይባሉ እንጂ ዘጠኝ ነበሩ። በሐምሌ 2005 አንዱ በሰው ፊት ፈርሶ ስምንት ቀሩ። ባህሩ ገደሉን ይበላል፣ ገደሉ ዋሻ ይሆናል፣ ዋሻው ቅስት ይሆናል፣ ቅስቱ ሲደረመስ ዓምድ ይቀራል፣ ዓምዱም በተራው ይወድቃል። ትንሽ አለፍ ብሎ «የለንደን ድልድይ» የሚባል የድንጋይ ድልድይ ነበር። በጥር 1990 አንደኛው ወገኑ ሲደረመስ ሁለት ጎብኚዎች ባህሩ መካከል በቀረው ላይ ቆመው ቀሩ፤ በሄሊኮፕተር ነው የወረዱት።

ከዚያ ሎክ አርድ ወደሚባለው የተሰነጠቀ ገደል ሄድን። ሰኔ 1 ቀን 1878 «ሎክ አርድ» የምትባለው መርከብ ከእንግሊዝ መጥታ፣ ሜልቦርን ልትገባ ጥቂት ሲቀራት እዚህ ተሰበረች። 54 ሰዎች ነበሩባት፤ ሁለት ብቻ ተረፉ። አንዱ ቶም ፒርስ የሚባል የመርከብ ሥራ ተለማማጅ ወጣት ነው። እሱ ዳርቻው ደርሶ ድኗል። የሴት ጩኸት ሲሰማ ግን ተመልሶ ውሃው ውስጥ ገባና ኢቫ ካርማይክልን እየጎተተ አወጣት። ልጅቷ ወላጆቿንና እህት ወንድሞቿን በዚያች ሌሊት አጥታለች። አገሬው ሁሉ «ሊጋቡ ነው» ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ወደ አየርላንድ ተመለሰች። የሰው ልጅ ታሪክ ሁሉ እንደ ፊልም አያልቅም።

እህቴ የመቃብር ድንጋዮቹን ስታነብ ቆየች። እኔም በ2019 በዚሁ ዳርቻ የሆነውን አነበብኩላት፤ በፋሲካቸው ዕለት፣ በጎ ፈቃደኛ ነፍስ አድን የነበሩ አባትና ልጅ አንድ ጎብኚ ሊያድኑ ወጥተው በዚያው ቀሩ፤ ጎብኚው ተረፈ። «እኔ እንድተወው ነው የፈለግሁት፤ አንተ ደግሞ ይህን ታነብልኛለህ!» አለችኝ። እውነቷን ነው። ባህር የሚያውቀውንም ይወስዳል። የአውስትራሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ሆልትን እንኳ በታኅሣሥ 1967 ከሜልቦርን ብዙ በማይርቅ ዳርቻ ሊዋኝ እንደገባ ወስዶታል፤ አስከሬኑ አልተገኘም። ከዚያ በኋላ በስሙ የተሰየመለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የመዋኛ ማዕከል!

ፍርዱ

ማታ አፖሎ ቤይ ተመልሰን ሦስታችን ተቀመጥን። እንግዲህ ዳኛ ነኝ፤ ያውም ተከሳሹ ነፍሱን ያተረፈለት ዳኛ። አድልዎ ነው ካላችሁ ይግባኝ በሉ።

ለልጁ እንዲህ አልኩት፦ «የበደልከው ባህር መግባትህ አይደለም፤ መዋሸትህ ነው። በዚያ ቅዳሜ አንድ ነገር ብትሆን እናትህ የምትፈልግህ ቤተ መጻሕፍት ነበር።» አንገቱን ደፋ። ከዛሬ ጀምሮ ብቻውን ላይገባ፣ የሚሄድበትን ሳይናገር ላይወጣ፣ የነፍስ አድኖቹንም ኮርስ ሊወስድ ተስማማ፤ ዕድሜው ለዚያ ደርሷል።

ለእህቴ ደግሞ፣ «ወንድማችንን የገደለው ውሃ ብቻ አይደለም። ስለ ውሃ የነገረው ሰው አለመኖሩ ነው። እናታችን ያሉት እውነት ነው፤ ግማሹን ብቻ ነው ያሉት። ሲያሳስቅ እንደሚወስድ ነገሩን፤ ሲወስድ ምን እንደምናደርግ ግን አልነገሩንም፤ እሳቸውም የነገራቸው የለም» አልኳት። ዝም አለች። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ እምቢ ስትል እንዲህ ዝም አትልም።

ለእናንተ የምተወው

ውጭ አገር ባህር ዳር ዘመድ ያላችሁ፣ ራሳችሁም የምትሄዱ፣ ይህችን ቆርጣችሁ ያዙልኝ።

አንደኛ፣ ቀይና ቢጫ ባንዲራ ባለበት፣ በሁለቱ መካከል ብቻ ዋኙ። ባንዲራ ከሌለ «እግሬን ብቻ» አትበሉ። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበር።

ሁለተኛ፣ በነጭ አረፋ መካከል ጠቆርና ረጋ ያለ መስመር ካያችሁ ራቁት።

ሦስተኛ፣ ከወሰዳችሁ አትታገሉ። ሪፕ ወደ ውጭ ይወስዳል እንጂ ወደ ታች አይጎትትም። በጀርባችሁ ተንሳፈፉ፣ አንድ እጃችሁን ወደ ላይ አንሡና ርዳታ ጥሩ። አቅም ካላችሁ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኙ። የኦሎምፒክ ዋናተኛ እንኳ በቀጥታ ተጋፍቶ ላያሸንፈው ይችላል። እጅ ማንሣት ነውር አይደለም። እኔ ሳላነሣ የቀረሁት አፍሬ ነው፤ ለኀፍረት ብዬ ልሞት ነበር።

አራተኛ፣ ሰው ሲሰምጥ ባዶ እጃችሁን ዘላችሁ አትግቡ። ጥሩ፣ የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩ። አውስትራሊያ ውስጥ የአደጋ ጊዜ ስልክ 000 ነው።

አምስተኛ፣ እዚህ አገር ላላችሁ፦ የክረምት ጎርፍ የሞላው ወንዝ ባህር አይደለም። እሱን በመንሳፈፍም አታመልጡትም። እነዚያ የዋይ ሪቨር ሰዎች የበዓል ምሳቸውን ጥለው እንደወጡ፣ ልጆቻችሁን ከወንዙ ጥሩ። ደግሞም ገንዳ ሲገኝ ዋና አስተምሯቸው።

ስድስተኛና የመጨረሻው ለወላጆች ነው። የከለከላችሁት ነገር ሁሉ የቀረ አይምሰላችሁ፤ አንዳንዱ አልጋ ሥር ነው ያለው።

ባለፈው ሳምንት እህቴ ደወለችልኝ። ሰፈሯ ያለ ገንዳ ውስጥ የሴቶች ክፍለ ጊዜ ተመዝግባለች። «ወንድም ጋሼ፣ ዛሬ ፊቴን ውሃ ውስጥ ነከርኩ፤ እስከ አሥር ቆጠርኩ» አለችኝ። ልጁ ከኋላ፣ «ስምንት ነው!» ሲል ሰማሁት።

እስከ ሳምንት ሰላም ሁኑ።